«ገብቶኛል ጋሼ»፦ ጡረታ የወጣ ባለሙያ ጀማሪ ሠራተኛን እንዴት ይመክራል?

የመከርኩት የመጀመሪያው ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ገብቶኛል ጋሼ» አለኝ። እኔም አመንኩት።

ልጁ ጤና ጣቢያ የተመደበ ጀማሪ ነበር። አሁን የአካባቢ ጤና ባለሙያ ይባላል፤ እኛ ሳኒታሪያን እንለዋለን። የምናወራው በእጅ የተቆፈረ የውሃ ጉድጓድ ተጠርጎ ካበቃ በኋላ በክሎሪን ስለማከም ነበር። በአራተኛው ሳምንት ብዕር ሰጠሁትና «እስቲ አስላልኝ» አልኩት። ጉድጓዱ 2 ሜትር ኩብ ውሃ ይዟል እንበል። በአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንፈልጋለን። ፈጥኖ 100 ግራም ብሎ ጻፈ። ንጹሕ ክሎሪን ቢሆን ልክ ነበር። እጁ ላይ ያለው ዱቄት ግን 70 በመቶው ብቻ ነው ክሎሪን። ስለዚህ ወደ 143 ግራም መመዘን አለበት።

ይህን በመጀመሪያው ቀን ነግሬዋለሁ። ራሱን ሲነቀንቅ ነበር። አልገባውም፤ ግን እንዴት ብሎ ይንገረኝ? በዕድሜ አባቱ እሆናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጎንደር ውስጥ ከጥቂት ጡረተኛ ወዳጆቼ ጋር ጀማሪ ሠራተኞችን የመምከር ሥራ በነጻ እየሠራን ነው። አንዷ የንብረት ክፍል ሰው ነበረች፣ አንዱ መምህር። የተማርነውን እጽፋለሁ። መጀመር ለሚፈልግ ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ትልቁ ሥራ እውቀት ማካፈል እንዳይመስልዎት። ልጁን «አላውቅም» እስኪል ድረስ ማድረስ ነው።

1. መጀመሪያ ከራስዎ ጋር ይነጋገሩ

የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ ጡረታ ይወጣል። ብዙው ሰው በዚያ ዕድሜ ጉልበቱም ልቡም ገና ነው። ቤት ሲቀመጥ ግን ሁሉም ያዘዋል። የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስ አለ፣ የዕድር ጸሐፊነት አለ፣ ሰበካ ጉባኤ አለ፣ ሽምግልና አለ። ስለዚህ «ጊዜ ሞልቶኛል» ብለው አይጀምሩ። ያለፈውን አንድ ወር ያስቡና ስንት ቀን በእርግጥ የራስዎ እንደነበር ይቁጠሩ።

እኔን የሚስማማኝ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በየሳምንቱ ብሎ ጀምሮ ከማቆራረጥ ይሻላል። የጥምቀት ሰሞን ቀጠሮ አይያዙ። ከጥር 10 እስከ 12 ከተማው የእንግዳ ነው፤ ፒያሳ ላይ ወንበር አያገኙም።

ሌላው ጥያቄ ከበድ ይላል። ለምን ይፈልጉታል? የናፈቀዎት ቢሮው ከሆነ፣ ማኅተሙ፣ «ጌታዬ» መባሉ፣ ይቅርብዎት። ልጁ በሁለተኛው ቀን ያውቅብዎታል።

ከዚያ አንድ ወረቀት ያውጡና በሥራ ዘመንዎ ያጠፏቸውን አሥር ነገሮች ይጻፉ። ጀብዱውን አይደለም፣ ጥፋቱን። እኔ አራተኛው ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ ቡና ጠጣሁ፤ ቀላል አይደለም። ወረቀቱ ግን በኋላ ዋና መሣሪያዎ ይሆናል፤ አይጣሉት።

ከወጡ በኋላ የተቀየረውንም ይወቁ። እኔ ሪፖርት የማውቀው በወረቀት ነው። ዛሬ ጤና ጣቢያው በኮምፒውተር ይሞላል። ፋይናንስ ክፍል የነበረ ሰው ሌጀሩን ያውቃል፤ ወጣቱ ሲስተሙን ያውቃል። «በእኛ ጊዜ» የሚለውን ሐረግ በአንድ ስብሰባ አንድ ጊዜ ብቻ ለራስዎ ይፍቀዱ።

2. በበሩ ይግቡ

የድሮ መሥሪያ ቤትዎ ሄደው ያሠለጠኑት ሰው ኃላፊ ሆኖ ቢያገኙት እንኳ ወደ ራስዎ የድሮ ክፍል አይመለሱ። ሰውየው በጨዋነት ይቀበልዎታል፤ በልቡ ግን «ሊሰልሉኝ መጡ» ይላል። ሙያው አንድ ሆኖ ቤቱ ሌላ ቢሆን ይመረጣል። ጤና ጣቢያ ነበሩ? ሌላ ጤና ጣቢያ ይሞክሩ። አዘዞ ካስተማሩ ማራኪ ይሂዱ።

መጀመሪያ የሰው ሀብት ክፍልን ያነጋግሩ። ከዚያ ደግሞ የልጁን የቅርብ አለቃ። ሁለተኛውን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ነው። የቅርብ አለቃው ሁለት ፍርሃት አለበት፦ ሥራዬን ይነጥቁኛል፣ ወሬ ያቀብሉብኛል። ሁለቱንም ፊት ለፊት አንስተው ያስወግዱለት። ቃል ብቻ አይበቃም፤ ጽሑፍ ይስጡት። እኛ የምንጠቀመው እንዲህ ይላል፦

«እኔ ጡረታ የወጣሁ የ… ባለሙያ ነኝ። ለስድስት ወር፣ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያለ ክፍያ አንድ ጀማሪ ባለሙያ ለመምከር ፈቃደኛ ነኝ። ቁልፍ፣ ማኅተም፣ ፋይልና የይለፍ ቃል አልጠይቅም። የሠራተኛውን የሥራ አፈጻጸም አልሞላም፤ አስተያየትም አልሰጥም። ሠራተኛው የነገረኝን ለማንም አልናገርም፤ የሰው ሕይወት ወይም የመንግሥት ንብረት አደጋ ላይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ራሱ እንዲያሳውቅ አደርጋለሁ። መሥሪያ ቤቱ በማንኛውም ጊዜ ሊያቆመኝ ይችላል።»

በሁለት ኮፒ ይፈርሙ፤ አንዱ እርስዎ ጋ ይቅር።

አንዳንድ ቤት መንገዱ ተጠርጓል። ትምህርት ቤት ላይ ጀማሪ መምህር ሁለት ዓመት የሚፈጅ የሙያ ትውውቅ አለው፤ ከነባር መምህር ጋር ይመደባል። በተሙማ (በተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ያለፈ ሰው ያውቀዋል። እዚያ ሲገቡ ያንን ነባር መምህር እንዳይጋፉት። ልጁ ከእሱ ጋር ፎርሙን ይሞላል፤ ከእርስዎ ጋር ፎርሙ ላይ የማይጻፈውን ያወራል። በጤና ተቋማትም «ሜንተር» የሚለው ቃል አዲስ አይደለም፤ ማስረዳት አይበዛብዎትም።

የግል ድርጅት ከሆነ አይዘግዩ። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ልጁ በጣም የሚጨነቀው ያኔ ነው። ሦስተኛው ወር ላይ ቢደርሱ እሱ ወይ ተባሯል፣ ወይ መጥፎውን ልማድ ተምሮ ጨርሷል።

3. ማን ከማን?

ዘመድ አይሁን። የጎረቤት ልጅም ባይሆን ይመረጣል፤ ወሬው እናቱ ጋ ይደርሳል። ለአንድ መካሪ አንድ ልጅ፣ ቢበዛ ሁለት። ሴት ጀማሪ ከሆነች ሴት መካሪ ትፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቋት። ወንድ ከተመደበላትም ሁልጊዜ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ። ስለዚህ ጉዳይ ረጅም ክርክር አያስፈልግም።

4. የመጀመሪያው ቀን

ቢሮ አይሁን፤ ባልደረቦቹ ያዩታል። ቤትዎም አይሁን። ቤት ከመጣ ምሳ ይቀርባል፣ ምሳ ከቀረበ እንግዳ ይሆናል፣ እንግዳ ደግሞ ችግሩን አይናገርም። ፒያሳ አካባቢ ወይም ከሥራው ቅርብ የሆነ፣ ቴሌቪዥን የማይጮህበት ቡና ቤት ይምረጡ። የእግር ኳስ ቀን ከሆነ ሌላ ቀን ይሁን።

ሂሳቡን የመጀመሪያ ቀን እርስዎ ይክፈሉ። ከዚያ በኋላ በተራ። የጡረታ ገንዘብ እንደሆነች ትታወቃለች፤ የጀማሪም ደመወዝ ያው ነው። «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» የሚለው ግብግብ አሥር ደቂቃ እንዳይበላ ተራውን አስቀድማችሁ ተስማሙ።

አጠራሩንም ተነጋገሩበት። እሱ «ጋሼ» ይልዎታል፣ ወይ እንደ አገሩ ልማድ «አንቱ»። እርስዎም «አንተ» ቢሉት አይከፋውም። በሥራ ቦታው፣ በታካሚ ወይም በተማሪ ፊት ሲያገኙት ግን በማዕረጉ ይጥሩት። «ሲስተር»፣ «ቲቸር»፣ «ኢንጂነር» ይበሉ። አንዱ ወዳጃችን በተማሪዎቹ ፊት አንዱን ጀማሪ መምህር «ና እስቲ አንተ ልጅ» ብሎ ጠራው። ልጁ ሁለተኛ አልመጣም።

«ምን ችግር አለብህ?» ብለው አይጀምሩ። መልሱ «ምንም» ነው። ይልቅ «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን ሠራህ?» ይበሉት። ቀኑን ሲተርክ ችግሩ በየመሃሉ ብቅ ይላል። «ከዚያ ጠበቅኩ» ያለበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ጀማሪ ሠራተኛ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ መጠየቅ የፈራውን ነገር ነው።

5. ይሉኝታን መስበር

እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ሥራው ይህ ነው።

በቤተ ክህነቱ የቆሎ ትምህርት ቤት ነባሩ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል። ታናሹ ያልያዘው ቃል ካለ ወዲያው ይታወቃል፤ በቃሉ ድምፁን አውጥቶ ይመልሰዋላ! እዚያ «ገብቶኛል» ብሎ ማምለጥ የለም። የአቋቋም ደቀ መዝሙር በአታ ተቀምጦ «ገብቶኛል» ቢል የኔታ «በል ቁምና አሳየኝ» ይሉታል። የእኛ የቢሮ ሰዎች ግን ተናግረን፣ ተነቅንቆልን፣ እንሄዳለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ፦ «ገብቶሃል?» የሚለው ጥያቄ ክልክል ነው። በምትኩ፦

«እስቲ እኔ አላውቅም እንበልና አስረዳኝ።»
«ነገ እቦታው ስትደርስ መጀመሪያ የምታነሣው ምንድን ነው?»
«እዚህ ወረቀት ላይ ሥራው።»

ሁለተኛ፣ ያንን የጥፋት ወረቀት አሁን ያውጡት። አንዱን ጥፋት በዝርዝር ይንገሩት። ስም፣ ቀን፣ ያፈሩበትን ሁኔታ ሳይቀር። «ሁላችንም እንሳሳታለን» የሚል አጠቃላይ ንግግር ግን ምንም አይሠራም። እኔ አንድ ጊዜ የውሃ ናሙና ጠርሙስ ላይ የጉድጓዱን ስም ሳልጽፍ ሦስት ጠርሙስ ይዤ ከገጠር ተመለስኩ። የትኛው የማን እንደሆነ አላውቅም። በማግስቱ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሬ ደገምኩት። ይህን ስነግረው የክሎሪኑ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ «እኔም ባለፈው…» ብሎ ጀመረ።

ሦስተኛ፣ ዝም ይበሉ። ጠይቀው ልጁ ካልመለሰ እርስዎ አይመልሱለት። በልብዎ እስከ ሃያ ይቁጠሩ። ለአርባ ዓመት ሲያዝ ለኖረ ሰው ሃያ ቆጠራ ዓመት ነው፤ ይቻሉት።

አራተኛ፣ «አላውቅም» ሲል አያመስግኑት፣ አያጨብጭቡለት። የተለመደ ነገር ይምሰል። ወዲያውም መልሱን አይስጡት። «ማን ያውቀዋል? የት ተጽፏል?» ይበሉ። መመሪያው ላይ ካለ ራሱ ያውጣው። ሁሉን ነገር ከእርስዎ አፍ ከሰማ፣ ስድስት ወር ሲያልቅ ባዶ እጁን ይቀራል።

ከንብረት ክፍል ጡረታ የወጣችው ወዳጄ ከአንዲት ጀማሪ ንብረት ሠራተኛ ጋር ያደረገችውን ልንገራችሁ። ልጅቷ ሁለት ወር ዝም ብላ ከቆየች በኋላ አንድ ቀን አወጣችው።

«ሞዴል 19 ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ።»
«እቃው የት ነበር?»
«ይመጣል አሉኝ።»
«መጣ?»
«ግማሹ መጣ። እትዬ፣ አንቱ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?»

ወዳጄ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ሞዴል 19 የንብረት ገቢ ማድረጊያ ነው። ፊርማው «ቆጥሬ ተረክቤያለሁ» ማለት ነው። ኦዲተር ሲመጣ የሚይዘው የፈረመችውን ነው፤ «ይመጣል» ያላትን አይደለም። ወዳጄ ግን አልጮኸችም፤ ለአለቃዋም አልደወለችም። ልጅቷ የጎደለውን ቆጥራ፣ በማስታወሻ ጽፋ፣ ለኃላፊዋ እንድታስገባና ኮፒውን እንድታስቀምጥ አደረገች። ማስታወሻውን የጻፈችው ልጅቷ ራሷ ነች።

ከዚያ ዋናው መጣ። «ነገ ደግሞ ፈርሚ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?»
«እምቢ እላለሁ።»
«አትይም። አለቃሽ ናቸው፣ ትፈሪያቸዋለሽ። ሌላ ፈልጊ።»

ሦስት አራት ጊዜ ሞክረው አንድ ዓረፍተ ነገር አገኙ፦ «እሺ ጌታዬ፣ እቃው እንደገባ ቆጥሬ ወዲያው እፈርማለሁ።» በ«እሺ» ይጀምራል፤ ግን እምቢታ ነው። ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አምስት ጊዜ ደገመችው። አስተናጋጁ ዞሮ አያቸው አሉ።

ይህን ለሁሉም ሙያ ያድርጉት። ነርሷ ያልገባትን ትእዛዝ ስትቀበል «ይቅርታ ዶክተር፣ መጠኑን ልድገመው» ማለትን ትለማመድ። የሳይት መሐንዲሱ ፎርማኑ ሲያጣድፈው «ብረቱን ለክቼ ልምጣና ኮንክሪቱ ይሞላል» ማለትን ይለማመድ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ትክክሉን ያውቃል፤ የሚያጣው የሚናገርበትን ቃል ነው።

«ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት ለዚህ ሥራ አይበጅም። መከራው ልጁን ብቻ መክሮ አይመለስም፤ ታካሚውንና ውሃ ጠጪውንም ይነካል። ደግሞም እምቢ ያለ ልጅ እስካሁን አልገጠመኝም። የገጠሙኝ ሁሉ እሺ ባዮች ናቸው።

6. አንድ ቀን ሥራው ላይ ይገኙ

የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም ሲከፈት፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ገና፣ ጤና መኮንኑ፣ ኮሙኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ ይማሩ ነበር። ሥራው ያለበት ሄዶ ማየት ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም።

ከአለቃው አስፈቅደው በስድስቱ ወር ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይሂዱ። ከኋላ ይቀመጡ። አይናገሩ፤ ሰው ቢጠይቅዎትም «እሱን ጠይቁት» ብለው ወደ ልጁ ይምሩ። የሕመምተኛ ምርመራ ውስጥ ግን አይግቡ፤ ያ የሕመምተኛው ጉዳይ ነው። ሲመለሱ ሁለት ነገር ብቻ ይንገሩት፦ አንድ ጥሩ፣ አንድ የሚስተካከል። አሥራ ሁለት ነገር አይተው ሊሆን ይችላል። አሥሩን ይዋጡት።

ልጁ ከከተማ ውጭ ከተመደበና መንገዱ አላስኬድ ካለ በስልክ ይቀጥሉ። ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚተላለፍበትን ቀን አስቀድማችሁ ተቀጣጠሩ።

7. የእርስዎ ያልሆነ ነገር

ዝውውር። ይህን መጠየቁ አይቀርም። «ጋሼ፣ እዚያ ቢሮ የሚያውቁት ሰው አለ አይደል?» ይላል። ቢኖርም አይደውሉ። አንድ ጊዜ ከደወሉ መካሪነቱ ቀርቶ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኑ ማለት ነው። ወሬውም በሳምንት ውስጥ ከተማውን ያዳርሳል።

ብድር አይስጡ፤ አይውሰዱም። አለቃውን አብረው አይሙ፤ ሐሜቱ ሲጀመር «አንተ ያኔ ምን አልካቸው?» ብለው ወደ ሥራው ይመልሱት። ልጁ በጣም ከተከፋ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ሐኪም እንዲያይ ይንገሩት። ያ ከምክር በላይ ነው።

ማስታወሻ ይያዙ፤ ግን ሁለት መስመር። ያወሩት ርዕስና ለሚቀጥለው የተስማሙበት። ስም አይጻፉ። የልጅ ልጆች ደብተር ያገኛሉ።

8. አልገጠመም ቢሆንስ?

ይሆናል። ሁለት ቀጠሮ ተከታትሎ ከቀረ አንድ ጊዜ ብቻ ይደውሉና «አልተመቸህ ከሆነ ቅር አልሰኝም፤ ሌላ ሰው ልፈልግልህ?» ይበሉት። ለሰው ሀብት ክፍሉም «ጊዜዬ አልተመቸም» ይበሉ። ጥፋቱን እርስዎ ይውሰዱት። ልጁ ገና መዝገቡ ንጹሕ ነው፤ እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል፣ ምን ያደርጉዎታል?

9. ማቆም

ስድስት ወር ሲሞላ ያቁሙ። ማብቂያውን መጀመሪያ ስለጻፉት ማንም አይከፋውም። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልጁ አንድ ወረቀት ይጻፍ፦ «ስገባ ቢነገረኝ ኖሮ» የሚል። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ፈቃዱ ከሆነ ለሚቀጥለው ጀማሪ ይሰጣል። የክሎሪኑ ልጅ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው መስመር «ዱቄቱ 70 በመቶ ነው፤ አካፍሉ» ይላል።

ለሰው ሀብት ክፍሉ አጭር ደብዳቤ ያስገቡ፦ ጀመርኩ፣ ጨረስኩ፣ አመሰግናለሁ። ስለ ልጁ ጥሩም መጥፎም አይጻፉበት። ስልክዎን ይተዉለት፤ የማይደወልበትን ሰዓት ጨምረው።

የመጨረሻውን ቀን ቡና ሂሳብ እሱ ይከፍላል። ተራው የእርስዎ ቢሆንም አይከራከሩ።